ቢጫዋ ደቦል

ባለፈው ወር ከኅብረት ፕሮግራም በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር አውሮፕላን ሲያበሩ ማምሸት ኃጢአት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እናቱ «ጊዜህን አታባክን» ትለዋለች። እርሱ ደግሞ መገዳደልም ስድብም የሌለበት ጨዋታ ምን ክፋት እንዳለው አልገባውም። «የምታበረው የትኛዋን አውሮፕላን ነው?» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። አንዳንድ ማታ ከሲሙሌተር ፊት የምቀመጥ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበር።

በአንድ ቃል መልሼ ላሰናብተው እችል ነበር። ይሁን እንጂ ከጥያቄው ጀርባ ረዥም ታሪክ አለ፤ ታሪኩ ሳይሰማ መልሱ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ለእርሱ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ ለእናንተም እጽፍላችኋለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛው አስቀምጫለሁ።

ከኦርጋን ፋብሪካ የወጣው አውሮፕላን

የበረራ መለማመጃ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነበረ። የኤድዊን ሊንክ ቤተሰብ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን በተባለች ከተማ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ኦርጋን ስላችሁ በየአዳራሻችን መድረክ ላይ የምታዩትን ኪቦርድ እንዳታስቡ። ያኛው ኦርጋን የሚሠራው በነፋስ ነው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ዕቃ አየር ሰብስቦ ወደ ቱቦዎቹ ይልካል፤ ድምፁ የሚወጣው ከዚያ ነው። ኤድዊን በዚህ ፋብሪካ ውስጥ የወናፍንና የቫልቭን ጠባይ እያወቀ አደገ።

ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የበረራ ትምህርት ክፍያው ከባድ ስለነበር፣ መሬት ላይ ሆነው የሚለማመዱበት ነገር ለመሥራት ተነሣ። በፋብሪካው ምድር ቤት ውስጥ ከኦርጋኑ ወናፎች አንዲት አጭር አውሮፕላን መሰል ሣጥን ሠራ። ተማሪው ውስጧ ተቀምጦ መሪውን ሲገፋ አንዱ ወናፍ አየር ይሞላል፣ ሌላው ይተነፍሳል፤ ሣጥኗም ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ አፍንጫዋን ታነሣለች፣ ትደፋለች። ሥራው በ1929 ተጠናቀቀ።

ሊንክ አብራሪ ትምህርት ቤቶች ተሻምተው ይገዙኛል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎቹ መካከል ግን የመዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። ሕፃናትና ወጣቶች ሳንቲም እየከፈሉ ሲወዛወዙባት ዋሉ። ሰው እንደ መጫወቻ አያት።

በ1934 ነገሩ ተለወጠ። የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ በአውሮፕላን የማመላለሱን ሥራ ከግል ድርጅቶች ነጥቆ ለጦር ሠራዊቱ ሰጠ። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ ደመናና በረዶ። የሠራዊቱ አብራሪዎች ምድር ሳይታያቸው መሣሪያ ብቻ አይተው ለማብረር በቂ ልምምድ አልነበራቸውም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ያን ጊዜ የሊንክ ሣጥን ትዝ አለቻቸው። ሠራዊቱ መጀመሪያ 6 ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 10,000 ገደማ ተሠርተው በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች በዚያች ሰማያዊ ሣጥን ሰለጠኑ። ስንቱ ከደመና ውስጥ በሕይወት እንደወጣባት እግዚአብሔር ያውቃል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የመዝናኛ ቦታዋ ሣጥንና የሠራዊቱ ሣጥን የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ፤ የሁለቱም ወናፍ የኦርጋን ወናፍ ነው። ልዩነቱ የነበረው ውስጧ የሚቀመጠው ሰው ሊያደርግ በመጣው ነገር ላይ ነው።

የደቦሏ ልደት

ሊንክ ሣጥኑን በሚሠራበት ዘመን፣ አንዲት አውሮፕላንም በመከራ እየተወለደች ነበር። ሁለት የቴይለር ወንድማማቾች አነስተኛ አውሮፕላን ለመሥራት ሥራ ጀምረው ነበር። በ1928 አንደኛው፣ ጎርደን፣ በአደጋ ሞተ። ሌላው፣ ክላረንስ ጊልበርት ቴይለር፣ ሥራውን ወደ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ወደ ብራድፎርድ ከተማ ወሰደ። በዚያ ከገዙት ባለ አክሲዮኖች አንዱ ዊሊያም ፓይፐር የተባለ የነዳጅ ጉድጓድ ባለቤት ነበር። ኩባንያው በ1930 ከሰረ። ፓይፐር ንብረቱን ከ1,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገዝቶ ቴይለርን ሥራው ላይ አቆየው።

አዲሷን አውሮፕላን መጀመሪያ የሞከሩባት ሞተር 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት፣ ስሟም «የነብር ግልገል» የሚል ትርጉም ያለው ነበረች። አውሮፕላኗን ከመሬት ለማላቀቅ እንኳ አቅም አነሳት። ሞተሯ ተጣለች፤ ስሟ ግን ቀረ። የግልገሉን ስም ተከትለው አውሮፕላኗን «ከብ» አሏት። በእኛ ቋንቋ ደቦል ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ሁሉ ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ያዕቆብ ልጁን ይሁዳን የባረከበት ቃል ነው።

በ1937 የብራድፎርዱ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፓይፐር ተስፋ አልቆረጠም፤ በዚያው ግዛት ሎክ ሄቨን በተባለች ከተማ ወደ አንድ የተዘጋ የሐር ፋብሪካ ገባ። ብዙ ሰው የሚያውቃት ደቦል፣ ጄ-3 የተባለችው፣ ከዚያ ወጣች። ቢጫ ናት፤ በጎኗ ጥቁር መስመር አለ። አጥንቷ የብረት ቱቦ፣ ቆዳዋ ጨርቅ ነው። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥባታል፤ ብቻውን የሚያበር ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ነው። በኋላ የተገጠመላት ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ መንገዳችንን ከሞላችው ከቪትዝ መኪና አይበልጥም። ፍጥነቷ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምርቷ በ1947 እስኪቆም ድረስ ወደ 20,000 የሚጠጉ ተሠሩ።

ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ ወጣቶችን በረራ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፤ በ1944 እስኪዘጋ ከ400,000 በላይ ሰዎች አለፉበት። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የተማሩት በደቦል ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች በቱስኪጊ ተቋም የበረራ ትምህርት ሲጀምሩም ደቦሏ ነበረች። እዚህ ላይ የእኛም ስም አለበት። ቱስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አስቀድመው ከወተወቱት መካከል የተቋሙ ምሩቅ ጆን ሮቢንሰን ይገኝበታል። ይኸው ሰው በ1935 ጣሊያን ሲወረን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ ያበረረ፣ ከድሉም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነ፣ በ1954ም በአዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ሳቢያ ሕይወቱ ያለፈ ወዳጃችን ነው።

እስቲ እናብራት

አሁን ወደ ቤታችሁ ኮምፒውተር እንምጣ። ብሩስ አርትዊክ የተባለ መሐንዲስ በ1980 ለአፕል ኮምፒውተር የሚሆን የበረራ ፕሮግራም አወጣ። በ1982 ማይክሮሶፍት የራሱን እትም በእርሱ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ለገበያ አቀረበ። ያኔ ምድሪቱ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነበረች፤ ዛሬ ከሳተላይት በተነሣ ፎቶ የየአገሩ ወንዝና ጣሪያ ይታያል። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ ፍላይትጊር የሚባል በነፃ የሚወርድ ሲሙሌተር አለ፤ ደቦሏ እዚያም ትገኛለች።

ብዙ ልጆች የሚመርጡት ትልቁን ጄት ነው። አንድ ቁልፍ ተጭነው ለአውቶፓይለት ይሰጡና ሻይ ሊያፈሉ ይሄዳሉ። ደቦሏ ግን ይህን አትፈቅድም። በጥንቃቄ በተሠራ ሲሙሌተር ውስጥ ስትቀመጡባት የምትጠይቃችሁን ተመልከቱ።

ከመቀመጣችሁ በፊት ዙሪያዋን ትዞራላችሁ። የታሰረችበት ገመድ ተፈትቷል? ዘይቷ ሞልቷል? ቤንዚኗ ውስጥ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ከሥር ጥቂት ቀድታችሁ ታያላችሁ። የነዳጅ መለኪያዋ ከፊት መስታወቱ ወዲያ የቆመ ሽቦ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ጋን ውስጥ በሚንሳፈፍ ቡሽ ላይ ተሰክቷል። ቤንዚኑ ሲያልቅ ቡሹ ይወርዳል፣ ሽቦውም ያጥራል። ሌላ ነገር የለም። ባትሪም ማስነሻ ሞተርም የላትም፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ተደርጎ ፕሮፔለሩ በእጅ ተመትቶ ይነሣል።

መሬት ላይ ስትሄዱ አፍንጫዋ ሽቅብ ስለሚያይ ከፊታችሁ ያለውን አታዩም። ስለዚህ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዛችሁ፣ በየጎኑ አሾልካችሁ እያያችሁ ትነዳላችሁ። መንገዱ ቀጥ ብሎ እያለ ቀጥ ብሎ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ ያስተማረችኝ እርስዋ ናት።

ከቦሌ ለመነሣት ሞክሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። የሞተሩ 65 የፈረስ ጉልበት ወደ 50 ገደማ ይወርዳል። ክንፉም በስስ አየር ላይ ለመቆም ይበልጥ መሮጥ አለበት። አሜሪካ ውስጥ በዝቅተኛ ሜዳ ላይ እንደ ፌንጣ የምትነሣው ደቦል፣ ቦሌ ላይ ግን ረዥም መንገድ ሮጣ በጭንቅ ትነሣለች። ከፊት ወንበር አንድ ሰው ጨምራችሁ ከሆነማ ትዕግሥታችሁን ትፈትነዋለች። ከተነሣች በኋላ ደግሞ እጅና እግር ካልተስማሙ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፤ መሪውን ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው የግራውን ፔዳል አብሮ መግፋት አለበት። በሯን በአየር ላይ ከፍታችሁ የማሳውን ወዝ እያያችሁ ስትሄዱ ግን ድካሙ ሁሉ ይረሳል።

አንድ ማታ ወደ ቢሾፍቱ ስበር ዱከም አካባቢ ሞተሯ ማጉረምረም ጀመረ። የሆነው ይህ ነበር፦ ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን ወደ ትነት ሲለወጥ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በረዶ ሆኖ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። የሚገርመው ውጪው ሞቃት ቀን ሆኖ ሳለ ይህ ሊሆን መቻሉ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ እጀታ ስቦ ሞቅ ያለ አየር ማስገባት። እኔ ግን በመልክዓ ምድሩ ተመስጬ ድምፁን ችላ አልኩት። ሞተሩ ጠፋ፤ ጤፍ ማሳ ላይ ወረድኩና ተገለበጥኩ። ከዚያም አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ። ቦሌ ላይ ነበርኩ፤ ደቦሏም ሙሉ ጤነኛ ነበረች።

ማረፍማ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ክብደቷ ከፊት ጎማዎቿ ኋላ ስለሆነ፣ መሬት ከነካች በኋላ ጭራዋ ፊቷን ልቅደም ይላል። ለአንዲት ሰከንድ እግራችሁን ከሥራ ካሳረፋችሁ ክብ ዞራ ክንፏን መሬት ላይ ታሳርፋለች። «ደረስኩ» ብሎ መዘናጋት አይቻልም፤ በረራው የሚያበቃው ቆማ ሞተሯ ሲጠፋ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዘምኩት የደቦሏ ደስታ ከየት እንደሚመጣ እንድታዩ ነው። ፍጥነት የላትም፣ ጌጥ የላትም። ደስታዋ ያለው በትናንሽ ነገሮች ላይ ልብን ማኖር ውስጥ ነው። ጌታ በሉቃስ 16፥10 በጥቂቱ ስለሚታመን ሰው ያስተማረውን፣ ይህች ቢጫ አውሮፕላን በቡሽና በሽቦ ታሳያለች።

እግሩ የከለከለው ወጣት

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ አብራሪ ለመሆን አመልክቼ ነበር። ፈተናውን አለፍኩ፤ የዓይን ምርመራው ጣለኝ። ለዓመታት አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ ማየት አልወድም ነበር። በኋላ ሲሙሌተር ሳገኝ የተዘጋብኝን በር ትቼ በመስኮት የገባሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ የምቀመጠው ለመደሰት ሳይሆን ለማኩረፍ ነበር። ያኔ የናተናኤል ሴንትን ታሪክ አነበብኩ።

ኔት እያሉ የሚጠሩት ይህ ሰው በ1923 ደቦሏ በተሠራችበት ግዛት፣ በፔንሲልቬንያ ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ሳም አብራሪ ነበርና በልጅነቱ ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የኔት ልብ ወደ መሬት አልተመለሰም። በልጅነቱ ግን የአጥንት ሕመም እግሩን ይዞት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943፣ ለአብራሪነት ሥልጠና ተመረጠ። ልምምዱን ሊጀምር ባለበት ዋዜማ ምሽት እግሩን ሲያይ አሮጌው ቁስል ቀልቷል። ሠራዊቱ አብራሪ እንዳይሆን ከለከለው። የቀረለት የአውሮፕላን ጥገና ሙያው ነበር።

በ1945 ከጦርነቱ የተመለሱ ጥቂት ክርስቲያን አብራሪዎች አውሮፕላንን ለወንጌል ሥራ የሚያውል ማኅበር መሠረቱ፤ ዛሬ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎውሺፕ የሚባለው ነው። የመጀመሪያውን በረራ በ1946 ወደ ሜክሲኮ ያደረገችው ቤቲ ግሪን የተባለች እህት ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሴት አብራሪዎች ጋር ያገለገለች። እርስዋን የተካው አብራሪ ሲያርፍ አውሮፕላኑ ተሰበረ። የሚጠግን ሰው ተፈለገ። ኔት ሴንት ወደ ሜክሲኮ ወርዶ ያን ስብርባሪ ጠገነ። ማብረር የተከለከለው ወጣት ወደ አገልግሎቱ የገባው በመፍቻ ነው።

በ1948 ከባለቤቱ ከማርጅ ጋር ወደ ኢኳዶር ሄደ፤ የግል የበረራ ፈቃድም ነበረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኪቶ ከተማ ላይ አደጋ ደረሰበት። ኪቶ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስስ አየርና ወደ ታች የሚነዳ ነፋስ አውሮፕላኑን ጣሉት። ኔት ጀርባው ተጎዳና አካሉ በጄሶ ታሰረ። ቦሌ ላይ በስስ አየር ስትታገሉ ይህን አስቡ፤ እርሱ የሚጫነው ቁልፍ አልነበረውም።

ድኖ ሲመለስ ጥንቃቄው ጨመረ። በጫካ ላይ ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ የለም፤ ስለዚህ ካርቡራተሩን አልፎ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መጠባበቂያ መንገድ በራሱ ሠርቶ አየር ላይ ሆኖ ፈተነው። በእግር ቀናት የሚፈጀውን መንገድ በደቂቃዎች እየበረረ ለወንጌላውያኑ መድኃኒትና ምግብ፣ ለታመሙትም መዳኛ ሆነ። የሚያበረው የደቦሏን ዘር፣ ፋሚሊ ክሩዘር የተባለችውን ባለ 4 መቀመጫ ፓይፐር ነበር፤ እርስዋም የብረት ቱቦና የጨርቅ ሥራ ናት።

አንድ የሚያስደንቅ ዘዴም አገኘ። ረዥም ገመድ ጫፉ ላይ ባልዲ አስሮ ይለቅና ክብ እየዞረ ይበራል። አውሮፕላኑ በትልቅ ክብ ሲዞር ባልዲው በክቡ መካከል ቁልቁል ወርዶ ቆሞ ሊቀር ምንም አይቀረውም። በዚህ መንገድ በ1955 መገባደጃ ከውጭ ሰው ጋር ደም ይቃቡ ለነበሩት ለዋኦራኒ ሰዎች ስጦታ ያወርድላቸው ጀመር። እነርሱም ባልዲው ውስጥ ስጦታ መለሱለት፤ አንድ ጊዜ በቀቀን ሳይቀር ላኩለት።

በጥር ወር 1956 ኔት ጓደኞቹን በየተራ አመላልሶ በኩራራይ ወንዝ ዳር አጭር አሸዋ ላይ አሳረፋቸው። 5 ነበሩ፦ ኔት ሴንት፣ ጂም ኤሊየት፣ ኤድ ማኩሊ፣ ፒት ፍሌሚንግና ሮጀር ዩደሪያን። ጥር 8 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ኔት ለማርጅ በሬዲዮ ተናገረ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ለ10 ሰዓት ተኩል አደረገ። 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬዲዮው ዝም አለ። አምስቱም በጦር ተገድለው ነበር። የአውሮፕላኗም ጨርቅ ተገፎ አጥንቷ ብቻ ቀረ። ኔት 32 ዓመቱ ነበር።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1958 የኔት እህት ራሔልና የጂም ባለቤት ኤልሳቤጥ ከትንሽ ልጇ ጋር በእነዚያው ሰዎች መካከል ሊኖሩ ገቡ፤ ከገዳዮቹም ጌታን የተቀበሉ አሉ። በ1994 የአውሮፕላኗ አጽም ከወንዙ አሸዋ ውስጥ ተገኘ፤ ዛሬ በአሜሪካ፣ በአይዳሆ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለእይታ ቆሟል። በ1960ዎቹ የዚሁ አገልግሎት አውሮፕላኖች በአገራችንም በሩቅ ጣቢያዎች ያሉ ወንጌላውያንን ያመላልሱ ነበር። ከደቡብ የመጡ አረጋውያን በቤተ ክርስቲያናችሁ ካሉ ስለ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ጠይቋቸው።

ቁልፏ

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ማኩረፌ አፈረኝ። ኔት የተከለከለውን ሲያለቅስ አልተቀመጠም፤ በእጁ የቀረውን መፍቻ አነሣ። እኔም በእጄ ጠመኔ አለ፤ በፊቴም እናንተ አላችሁ።

ነገር ግን ሌላም መናገር ያለብኝ አለ። አንድ ማታ ደቦሏን ለማሳረፍ እየተቃረብኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሌ ልጅ ነበር። ካረፍኩ በኋላ እደውልለታለሁ ብዬ ድምፁን አጠፋሁት። ሁለት ጊዜ ደግሞ ደወለ። በጥሩ ሁኔታ አረፍኩ፤ ከዚያም ነፋሱን ለውጬ ሌላ ዙር ጀመርኩ። መደወሉን ያስታወስኩት በማግስቱ ነው። በዚያን ቀን ጠዋት ለሥራ ወደ አረብ አገር ሄዶ ነበር፤ የደወለው ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ሊማከረኝ ነበር። በኋላ ተገናኝተን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ይቅርም አለኝ። ያቺ ማታ ግን አትመለስም። ሞተሩ እያጉረመረመ መልክዓ ምድር ሳይ የነበርኩት ዱከም ላይ ብቻ አልነበረም።

ወጣቶች፣ የሲሙሌተሩ አደጋ ይህች ቁልፍ ናት እላለሁ። ሁሉን እንደገና ትጀምርላችኋለች። ቀስ በቀስ ልባችን ሕይወትም እንዲሁ ያለች ይመስለዋል፤ ንስሐንም እንደዚያች ቁልፍ እናስበዋለን። የእግዚአብሔር ይቅርታ ግን ቁልፍ አይደለም። ዳዊት ይቅር ተባለ፤ ኦርዮ ግን ከመቃብር አልተነሣም። ይቅርታ የሆነውን እንዳልሆነ አያደርገውም፤ ከሆነው ነገር ጋር አብሮን ይቆማል፣ ዋጋውንም በመስቀል ላይ ከፍሏል። ይህ ከቁልፉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው ላልተጎዳ ዓለም ብቻ ነው።

ታዲያ ለዚያ ወጣት ምን መለስኩለት? «ጨዋታው ራሱ ኃጢአት አይደለም» አልኩት። «እግዚአብሔር ነፋስን የፈጠረው፣ ሰውም በነፋስ ላይ መቆምን የተማረው በሰጠው ጥበብ ነው፤ በዚህ መደሰት ይገባል። ነገር ግን ደቦሏን አብርር። እርስዋ ልብህን ትጠይቅሃለች። ከወንበሩ ስትነሣም ያን ልብ ይዘኸው ተነሣ፤ ለእናትህ፣ ለትምህርትህ፣ ለሚደውልልህ ሰው። ይዘኸው ካልተነሣህ ግን እናትህ እውነቷን ነው።» ጥቂት ዝም አለና፣ «ስልክ ከተጠራስ?» አለኝ። የእኔን ታሪክ ገና አልነገርኩትም ነበር። «ጤፍ ማሳ ላይ ትውደቅ፣ ስልኩን አንሣ» አልኩት።

ለኅብረት ውይይት

1. የሊንክ ሣጥን ከመጫወቻነት ወደ ሕይወት ማዳኛነት የተለወጠችው በምን ምክንያት ነው? በእጃችሁ ያለ፣ እንደ መጫወቻ ብቻ የምታዩት ምን ነገር አለ?

2. ኔት ሴንት በ1943 የተዘጋበትን በር አስቡ። በእናንተ ላይ የተዘጋ በር ካለ፣ በእጃችሁ የቀረው «መፍቻ» ምንድን ነው?

3. 2ኛ ሳሙኤል 12ን አንብቡ። ይቅርታ ማግኘትና ሁሉን እንደገና መጀመር የሚለያዩት በምንድን ነው?